ከጭንቅላቴ ውስጥ የተነሣው ፎቶ

ያ ክረምት ክፉ ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር አባቴ ታመመ፤ ዝናቡ ሲበረታ ሞተ። የቀበርነው በጭቃ ነው። ቀባሪው ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ሞልቶ ሰፈራችን ገባ። ጎረቤት ፎቅ ላይ ተጠልለን ውኃው በመስኮታችን ሲገባና ሲወጣ አየን። ሲጎድል ተመለስን። ፍራሹም፣ ዱቄቱም፣ የአባቴ መዶሻዎችም ጭቃ ለብሰው ጠበቁን።

ፎቶዎቻችን አልጋ ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። እናቴ ሣጥኑን አውጥታ ከፈተችው። ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱን ከሌላው ስታላቅቅ ቀለሙ አብሮ ተነሣ። ከሠርጋቸው ፎቶ የተረፈው የእሷ ጫማና የወንበር እግር ነው። የአባቴ ፊት ያለበት አንድም አልተገኘም።

እናቴ አላለቀሰችም። ሣጥኑን አጠበችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ሲደርቅ ስኳር አስቀመጠችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴን ነገር አላነሣችም። እኔ ሳነሣ ትነሣለች። ወይ ድስት ታማስላለች፣ ወይ እህቴን ታቅፋለች፣ ወይ ምንም የሌለበትን ጠረጴዛ ትወለውላለች። እኔም ተቀይማዋለች አልኩ። ጥሏት በመሞቱ ተቀይማ ከቤት አስወጥታዋለች ብዬ አሰብኩ። አፏን ከከፈተች መዝጋት እንደማትችል ያወቅኩት እኔም ራሴ ሰው ከቀበርኩ በኋላ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እህቴ ገና ግድግዳ እየያዘች ትራመዳለች።

አባቴ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ጣሪያ ይመታል፣ አሸንዳ ያበጃል፣ የተበሳ ባልዲ ይደፍናል። እጁ ትዝ ይለኛል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር፣ መዳፉ ላይ የጠነከረው ቆዳ። ጀርባውም ትዝ ይለኛል፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ከታች ሳየው። ፊቱ ግን እየጠፋብኝ ነበር። መጀመሪያ አገጩ ሄደ። ቀጥሎ አፍንጫው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት። ኮቱ መጣ፤ ኮፍያው መጣ፤ ከኮፍያው ሥር ማንም አልነበረም። መንገደኛ ገፍቶኝ እስኪያልፍ ቆምኩ።

ማንን ልጠይቅ? እህቴ ልጅ ናት። እናቴ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

እናቴ ያኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ገብታ ነበር። አንድ ማታ ራት ላይ አጎቴ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፀጉር አስተካካይ፤ አፉ ከመቀሱ እኩል የሚሠራ ሰው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ከእህቴ ጋር ነበርኩ።

“ሆስፒታል ያለች አንዲት ዶክተር ልጆች ትፈልጋለች” አለች እናቴ።

“ለምኗ?”

“ለጥናት። የልጅ አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ ልታይ ነው። የሠራተኛ ልጆችን እየጠየቀች ነው። ጤነኛ ነው የምትፈልገው።”

“ጤነኛ ልጅ ሆስፒታል ምን ይሠራል? እኔ እዚያ ቤት ጤነኛ ሆኖ ሲገባ ያየሁት ያንቺን አለቃ ብቻ ነው።”

“ቀልድህን ተወኝ። ምከረኝ።”

“እሺ፣ ምን ያደርጉታል?”

“ኤም አር አይ የሚሉት ማሽን ውስጥ ይተኛል። ትልቅ ማግኔት ነው አለችኝ። መርፌ የለው፣ ቢላ የለው። ራጅ እንኳን አይደለም። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ፎቶ ያነሣሉ፤ በቃ።”

“የዚህ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ?” አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየኝ። “ከሣጥኑ የሚጠፋው ስኳር ይገኝ እንደሆን ነው እንጂ! እኔ ከተወለደ ጀምሮ የላጨሁት ጭንቅላት ነው። ከላይ በኩል እንከን የለውም፤ ለውስጡ ኃላፊነት አልወስድም።”

እናቴ ሳቀች። ከክረምቱ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ፎቶ ያነሣሉ። በጭንቅላቴ ውስጥ ማን እንዳለ አውቃለሁ። ጨርሶ ሳይወጣ ከደረሱበት ያነሡታል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁና “እሄዳለሁ” አልኩ።

“አየሽ፣” አለ አጎቴ ወደ እናቴ ዞሮ፣ “ልጅሽ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ማግኔትም ይገባል።”

ዶክተሯ ወጣት ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ስታወራ ከልጅ እኩል ቁጢጥ የምትል። ለእኔና ለእናቴ ሁሉን ነገረችን። አእምሮ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ቅርጹ እንደሚለወጥ፣ ይህንን ለማወቅ አንድን ልጅ ዛሬ አይቶ ሲያድግ ደግሞ መልሶ ማየት እንደሚያስፈልግ፣ በማንኛውም ጊዜ ይብቃኝ ማለት እንደምችል። ቃሉን ሁሉ ሰማሁ። የሰማሁት ግን እንደሚመቸኝ አድርጌ ነው።

“ጥያቄ አለህ?” አለችኝ።

“ፎቶውን ትሰጡኛላችሁ?”

“አንዱን ለአንተ እሰጥሃለሁ።”

“ለእናቴ ነው።”

“ለእናትህ ከሆነማ ጥሩውን መርጬ ነው የምሰጥህ” አለች።

ማሽኑን የሚያሠራው ረጅም ሰውዬ ነበር። ልጆቹ ሐውልቱ ይሉታል፤ ሐውልት ጨዋታ ስለሚያጫውታቸው ነው። ከእውነተኛው ማሽን በፊት መለማመጃ ነበረው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ልጅ የሚያስተኛ ዋሻ። ውስጡ ቴፕ አስቀምጦ የማሽኑን ድምፅ ያሰማናል። እኛ ዋሻው ውስጥ እንተኛለን፤ እሱ ወለሉ ላይ በረጅሙ ይጋደማል።

“ቀድሞ የተነቃነቀ ተሸነፈ” ይላል። “እኔን ያሸነፈኝ ልጅ እስከ ዛሬ የለም።”

ከዚያ ሁልጊዜ ያስነጥሰዋል። ያሸነፈው ልጅ በደስታ ይጮኻል። ሰውዬው ጉንፋን የማይለቀው ምስኪን ይመስለኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ሆን ብሎ እንደሚያስነጥስ ለመገመት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ቀኑ ደረሰ። ከእውነተኛው ማሽን ክፍል በር ላይ ሐውልቱ ኪሴን እንድገለብጥ ነገረኝ። ቀበቶዬን ወሰደ። ከኪሴ አንድ የጣሪያ ሚስማር ወጣ፤ ባርኔጣ ያለው፣ ከአባቴ ዕቃ ከጭቃው ያወጣሁት።

“ይሄ ምንድን ነው ጌታው?”

“የአባቴ ነው።”

“ይሄ እዚያ ከገባ ማሽኑ ይጠራዋል። ከእጅህ አምልጦ እንደ ወፍ ነው የሚበርለት።” በመሀረቡ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። “እኔ ጋ ይቆይ። ስትወጣ ካልሰጠሁህ ክሰሰኝ።”

ጆሮዬን ደፈኑልኝ። ጭንቅላቴን በስፖንጅ ደገፉት፤ ከላይ እንደ ጎጆ የመሰለ ነገር ገጠሙበት። አንዲት ለስላሳ የጎማ ኳስ አስጨበጡኝ፤ ከፈራህ ጨምቃት፣ እናወጣሃለን አሉኝ። አልጋው በራሱ ሄደ። ዋሻው ዋጠኝ።

ማሽኑ መምታት ጀመረ።

ሌሎች ልጆች በዚያ ድምፅ አልቅሰዋል። እኔ ግን ሳቄ ነው የመጣው፤ ቆርቆሮ ነው! ጣሪያ ላይ በርከክ ብሎ ሚስማር የሚመታ ሰው ነው። ጥቂት ይመታል፣ ያርፋል፣ ሌላ ቦታ ይመታል። አባቴ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ከላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ዙር አልኩት። አባዬ፣ ዙርልኝ። ትንሽ ዞረ፤ ጆሮው ታየኝ። ወደ ጣሪያው ጫፍ ሲሄድ ፊቱን ለማየት ተከተልኩት።

አልጋው ተመልሶ ወጣ። ዶክተሯ ከመስተዋቱ ጀርባ ከሐውልቱ ጋር ቆማ ቴሌቪዥን የመሰለውን ነገር ታያለች። እናቴ እጄን ይዛ ገባን።

“ተነቃንቋል” አለች ዶክተሯ። “አያችሁት? ሞገድ ሞገድ ሠርቷል።”

አየሁ። ግራጫ ነገር በግራጫ ላይ ተደራርቦ ይዋልላል። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ እዚህም ውኃ ገብቶበታል። ጩኸቴን ለቀቅኩት።

“ፈርቷል” አለች እናቴ። “በቃ ይቅርበት ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“አዎ፣ አናስገድደውም።”

“አልፈራሁም!” አልኩ። “አንድ ጊዜ ብቻ! አሁን ዝም ብዬ እተኛለሁ!”

ዶክተሯ ቁጢጥ አለች። ንፍጤ ወርዷል፤ በራሷ መሀረብ ጠረገችልኝ። “ኳሷን አልጨመቅካትም” አለች። “ለምን ተነቃነቅክ?”

ብነግራት ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሚስጥሬ ነበር። “አንገቴን በላኝ” አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ “በሚመጣው ሳምንት፣ ካሰኘህ ብቻ” አለች። ያን ቀን ደክሟታል፤ ሌሎች ልጆች ተራ እየጠበቁ ናቸው፤ የተነቃነቀ ልጅ መተው ቀላሉ ነገር ነበር። ያን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ ግን አንድ ሳምንት አላት እንዴ፣ እኔ ሳምንት የለኝም ብዬ ተናደድኩ። ፊቱ በየቀኑ እየሄደ ነዋ።

ሐውልቱ ሚስማሬን መለሰልኝ። “ክስ ቀረ” አለ።

ሁለት ችግር ነበረብኝ። አንዱ መነቃነቄ ነው። እሱን ቤት ተለማመድኩት። አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን አያለሁ። እህቴ መጥታ አፍንጫዬ ውስጥ ጣቷን ትከታለች። ዳቦ አምጥታ ከንፈሬ ላይ ታሻለች። አልነቃነቅም። አንዴ ሆዴ ላይ ተቀምጣ ሸናችብኝ፤ ያኔም አልተነቃነቅኩም። እናቴ “ይሄ ልጅ ደህናም አይደል” ስትል ሰማሁ።

ሁለተኛው ችግር ፊቱ ነው። ጀርባ ይዤ ብገባ የሚነሣው ጀርባ ነው። ስለዚህ አጎቴ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ሌላው ጋዜጣ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅሁ።

“ጋሼ፣ አባዬ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?”

ምላጩ ደንበኛው ጉንጭ ላይ ቆመ። አጎቴ ደንበኛውን ጨረሰ፤ አራገፈው፤ ሸኘው። ከዚያ ወንበሩን በእጁ መታ መታ አደረገና “ና፣ ውጣ” አለኝ።

“እኔኮ ነኝ ተራው” አለ ጋዜጣ የያዘው ሰውዬ።

“ቀጠሮ ይዟል።”

“ጢም ሳያበቅሉ መላጨት መጣ ደግሞ?”

“አንተስ ፀጉር ሳይኖርህ ትመጣ የለም እንዴ? ቁጭ በል።”

አንገቴ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰረልኝ። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አድርጎ ፊቴን እስከ ዓይኔ ሥር ቀባኝ። ምላጩን አስቀምጦ በጣቱ ሠራ። አባቴን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የላጨው እሱ ነው።

“ከዚህ ነበር የምጀምረው” አለ፣ ጆሮዬ ሥር እየነካ። “አጥንቱ እዚህ ጋ ወጣ ያለ ነው፤ እንዳንተ። ጉንጩ ገባ ያለ ነው፤ አየር ሙላበት እለዋለሁ። ሙላ እስቲ። አዎ። እዚህ አገጩ ላይ ጎድጓዳ አለ፤ ጣቴ ልክ ይገባበታል። ምላጭ እዚያ ሁሌ ይሰናከላል፤ ስንቴ አደማሁት። ዝም ነው የሚለኝ። ግራ ቅንድቡ ላይ ቆርቆሮ የቆረጠው መስመር አለ፤ እዚያ ፀጉር አይበቅልም። አፍንጫው... አፍንጫውን ይዤ ቀና አደርገውና ላይኛውን ከንፈሩን እላጫለሁ። ያን ጊዜ ነው የሚያስቀው። ዓይኑን ይጨፍንና ይስቃል፤ ‘አንተ ሰው፣ ትንፋሽ አሳጣኸኝ’ ይለኛል።”

አፍንጫዬን እንደያዘ ቆየ። መስተዋቱ ውስጥ ሳየው ሌላ ቦታ ያያል። ጋዜጣ የያዘው ሰውዬ ጋዜጣውን አጥፎ መሬት መሬት ያይ ነበር።

“ገባህ?” አለኝ አጎቴ።

“ገባኝ።”

“እንግዲህ ታጠብ። ሒሳቡን ጢም ስታበቅል።”

አጎቴ ለምን እንደጠየቅሁ አልጠየቀኝም። የአባቴን ፊት በቆዳዬ ነው የተማርኩት፤ ጣቱ የነካበት ሁሉ እስከ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ሳምንቱ ሲደርስ እንደገና ዋሻው ውስጥ ገባሁ። መዶሻው ጀመረ። አልተከተልኩትም። ባለሁበት ሆኜ ከጆሮው ሥር ጀመርኩ። አጥንቱ። ጉንጩ፣ አየር ሞልቶበት። አገጩ። ቅንድቡ ላይ ያለው መስመር። አፍንጫውን ያዝኩት። ያኔ ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ሙሉ ሆኖ መጣ። እንባዬ በጎን ወርዶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ እንደ ጉንዳን ይሄዳል፤ አልጠረግሁትም። አንሡት አልኩ በሆዴ። አሁን ነው፣ አንሡት።

“ሐውልት!” አለ ሰውዬው በድምፅ ማጉያው። “ጌታው፣ አሸንፈኸኛል! ዛሬ ማስነጠስም አላስፈለገኝ!”

ዶክተሯ ሰፊ ጥቁር ፊልም ሰጠችኝ። ብርሃን ላይ አንሥቼ አየሁት። ዋልነት የሚሉትን የተሸበሸበ ፍሬ የመሰለ ነገር ነው፤ በመደዳ፣ ትልቅም ትንሽም። አባቴ አልታየኝም። ግን አላዘንኩም። ራጅ የሚያነብበው ትልቅ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ጽሑፍም ቢሆን ላልተማረ ጭረት ነው። ፊልሙን ከሸሚዜ ሥር ከትቼ፣ እንዳይታጠፍ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ቤት ገባሁ።

እናቴ ከሥራ ስትመጣ ሰጠኋት።

“ይኸው” አልኳት። “አባዬ ነው።”

“ምን?”

“አባዬ። ከጭንቅላቴ ውስጥ አነሡት። ዛሬ አልተነቃነቅኩም፤ ሙሉ ፊቱን ነው። እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንቺ እይው።”

ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣችው። እጇ ከሳሙናው የተነሣ ተላልጧል። አየችው፣ አየችኝ፣ መልሳ አየችው። ከዚያ ስኳሩ ሣጥን ላይ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ተቆጣች አልኩ። አሁንም አልታረቀችውም።

በማግሥቱ ፊልሙን ይዛ ሥራ ሄደች። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ልብስ ማጠቢያው ጓሮ ሄድኩ። አንሶላ በየገመዱ ተሰጥቷል። በአንሶላዎቹ ሥር የሁለት ሴቶች እግር ይታያል፤ የእናቴ የጎማ ጫማና የዶክተሯ ነጭ ጫማ። ፊት ለፊት ቆመዋል። ንፋሱ ጨርቁን ሲያማታ ንግግራቸው እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ።

“...ይታያል ወይ ታዲያ?”

“...የኔ እህት...”

“...አንድም የቀረን የለም፣ ውኃው...”

“...እንዳይጠፋበት ነው...”

ከዚያ ነጩ ጫማ ወደ ጎማው ጫማ ተጠጋ። አንደኛዋ ታለቅሳለች፤ የትኛዋ እንደሆነች አልለየሁም። ለእኔ ግን የሆነው ግልጽ ነበር፤ ዶክተሯ እናቴን ፊልሙን ማንበብ እያስተማረቻት ነው። ከባድ ትምህርት ስለሆነ አለቀሰች።

ያን ዕለት ጀንበር ሳትጠልቅ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እህቴን አንድ ጭኗ ላይ፣ እኔን በሌላው ጎኗ አደረገች። ፊልሙን ብርሃኑ ላይ ያዘችው።

“ስለ አባትህ ልንገርህ” አለች።

ሣጥን የተከፈተ ያህል ነበር። አባቴ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣው አሸንዳ ሊያበጅ ነው። አበጀ። በሳምንቱ መጣ፤ ላየው ብዬ ነው አለ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። አያቴ “ይሄ አሸንዳ ምን ሆኖ ነው?” ብለው ጠየቁት። አባቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ “አሸንዳው ምንም አልሆነም” አለ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል አጥቶ እዚያው ላይ ቀረ። እናቴ ይህን ስትናገር ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ፊቷን ጠርጋ ቀጠለች። ጣቷ ፊልሙ ላይ ይሄዳል። ስለ ቅንድቡ ስታወራ አንድ ቦታ ያርፋል፣ ስለ ሳቁ ስታወራ ሌላ ቦታ። እኔ ጣቷን እከተላለሁ። አዎ፣ እዚያ ነው። አየሁት ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ወዲያ የምሽታችን ነገር ይኸው ሆነ። ፊልሙ ጥግ ጥጉ እስኪላጥ አየነው። እህቴ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ እስከ ዛሬ “አባዬን በደንብ አስታውሰዋለሁ” ትላለች። አታስታውሰውም፤ ልታስታውሰው አትችልም። ግን ስለ አገጩ ብትጠይቋት ጣቷን ልክ ቦታው ላይ ታሳርፋለች።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከፍ ስል፣ ትምህርት ቤት ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን የአእምሮ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። ያንኑ ዋልነት። የእኔ ብቻ መስሎኝ የነበረው ነገር የሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ። ቤት ስገባ እናቴን አፋጠጥኳት።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምኑን?”

“አባዬ ፊልሙ ላይ እንደሌለ።”

“አለ ብዬህ አውቃለሁ?” አለች።

አሰብኩ። እውነትም ብላኝ አታውቅም። ስለ አባትህ ልንገርህ ነው ያለችኝ። አንድ ቀንም አልዋሸችኝም።

“ያቺ ዶክተር ናት” አለች ልብስ እያጠፈች። “ያን ቀን ሄጄ ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋት። ‘አትዋሺው፤ ፊቱ እንዳይጠፋበት ነው የለፋው፤ አንቺ አውሪለት’ አለችኝ። ባትነግረኝ አፌን እንደዘጋሁ እሞት ነበር። ዕዳ አለብኝ።”

ዕዳው ይህ ነበር። እናቴ ለዶክተሯ፣ ልጁ ሲያድግ መልሼ አመጣልሻለሁ ብላ ቃል ሰጥታ ነበር፤ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ ካላዩት ጥናቱ ለካ ጎዶሎ ነው። ነገር ግን እናቴ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘች፤ ሩቅ ሄድን። የአውቶቡስ መንገዱ ተበላሸ። እኔ ቆርቆሮ መምታት ጀመርኩ። ሆስፒታሉ ሌላ ሕንፃ ገባ ሲሉ ሰማን። እናቴ ግን አልረሳችም። ጥሩ ነገር በገጠመን ቁጥር፣ እህቴ ስትዳር፣ የእኔ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ፣ “የዚያችን ሴትዮ ቃል በላሁ” ትላለች። ሊያርፉ ሲሉ ሰዎች ስለ ንብረት ይናገራሉ። የእኔ እናት “ሂድላት” አለችኝ። ቀበርኳት። ማን ያስታውሰኛል ብዬ ሳመነታ ደግሞ ጊዜ ሄደ።

አምና በሬዲዮ ተናገሩ። ያ ሆስፒታል በመጀመሪያው ጥናት ላይ የነበሩትን ልጆች ይፈልጋል፤ አእምሮ ሲያረጅ እንዴት እንደሚሆን ሊያዩ ነው። ልጆች ነው ያሉት። እኔ ጥርሴ ተራግፏል። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በር ላይ የተቀበለችኝ ወጣት የማሽን ሠራተኛ ናት። “አባባ፣ የመጀመሪያው ጥናት ላይ ነበርኩ ነው የሚሉት?” ብላ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች። አገኘችው። ዓይኗን አፍጥጣ “ይቆዩኝ” አለችና ስልክ ደወለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይቷል፤ ግን ከጥንቶቹ ልጆች አንዱ ሲመጣ ይደወልላቸዋል። አጭር ናቸው፤ ከበፊቱ ያጠሩ ይመስላሉ። ቁጢጥ ማለት አይችሉም። እኔ ጎንበስ አልኩላቸው።

“አንገቱን የበላው ልጅ” አሉኝ።

እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

“እናትህስ?”

“አርፋለች። ዕዳህን ክፈል ብላ አይደለም፤ ዕዳዬን ክፈልልኝ ብላ ነው የላከችኝ። ያን ቀን አውሪለት ስላሏት።”

“ማን? እኔ?” አሉ። ግንባራቸውን ቋጠሩ። “እንዲህ አለችህ?”

“ዕድሜዋን ሙሉ።”

ምርኩዛቸውን ተደገፉ። “ልጄ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም” አሉ። “ወጣት ነበርኩ፤ ምንም አላውቅም። ፊልሙን ይዛ አንሶላ መሀል መጣች። ‘ልጄ የአባቱን ፊት አነሣሁ ይላል፤ ይታያል ወይ?’ አለችኝ። አይታይም አልኳት። ሌላ የምለው ጠፋኝ፤ አለቀስኩ። እሷ ናት እኔን ያባበለችኝ። ‘እንዳይጠፋበት ነው የለፋው፤ እንግዲያው እኔ አወራለታለሁ’ አለች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ የመጣውን ሕፃን ሁሉ፣ ከመግባቱ በፊት ምን ይታያል ብለህ ታስባለህ ብዬ እጠይቃለሁ። ከእናትህ ነው የተማርኩት። ዕዳው የእኔ ነበር።”

የትኛዋ እንዳለችው አላውቅም። በአንሶላ ሥር ያየሁት እግር ብቻ ነው። ለዶክተሯም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ሁለታችሁም ቃሉን ለሌላዋ ሰጣችሁት፣ እኔ ግን የበላሁት አንዱን እንጀራ ነው አልኳቸው። ዓይናቸውን ጠረጉ።

ልጅቱ ቀበቶዬን ወሰደች፤ ጆሮዬን ደፈነች። ገባሁ። ማሽኑ አዲስ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ድምፁም ሌላ። እኔም ማንንም አልጠራሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ሥራውን እንዲሠራ ተውኩት።

ስወጣ ዶክተሯ ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ የሰባት ዓመቱን ልጅና የዛሬውን ሽማግሌ። ጥርት ብለዋል ሁለቱም። በጣታቸው አሳዩኝ፤ እዚህ ሰፍቷል፣ እዚህ ቀጥኗል፣ ይሄ የዕድሜ ነው፣ አይደንግጥህ። እንዲህ የተጣመረ ፎቶ ያላቸው ሰዎች ጥቂት እንደሆኑ ነገሩኝ። ብዙ ተማሪዎች ይማሩበታል አሉኝ።

ከዚያ ምርኩዛቸውን አነሡ።

“እናትህ ቃሏን ጠበቀች” አሉ።

“ትንሽ አረፈደች” አልኩ።

ሳቁ። ክንዴን ያዙና እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ማን ማንን እንደደገፈ ግን አልታወቀም።